ፊቱ በምላጭ መጠቅለያ ላይ የታተመው ሰው

ከቤት ዕቃ ሁሉ እንደ ምላጭ የተናቀ የለም። ጢም ሊላጩበት ተገዝቶ ጥቂት ቀን ካገለገለ በኋላ ሲደነዝዝ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል፤ ተማሪው ለሁለት ሰብሮ እርሳሱን ይቀርጽበታል፣ ልብስ ሰፊው የተሳሳተ ስፌት ይፈታበታል፣ እናት የልጇን ጥፍር ትቈርጥበታለች። በየመሥሪያ ቤቱም ቢሆን ሥራው ሁሉ በእጅ ጽሑፍ ይካሄድ በነበረበት ዘመን፣ በመዝገብ ላይ በቀለም የሰፈረውን ስሕተት በምላጭ ጫፍ በቀስታ ፍቆ፣ የሻከረውን ወረቀት በጥፍሩ አለስልሶ በላዩ መጻፍ የሚችል ጸሓፊ እንደ ባለሙያ ይቈጠር ነበር። ዝጎ ሲጣል ግን ማንም አያዝንለትም።

ይህን ያህል የተናቀው ዕቃ ግን ታሪክ አለው። ታሪኩም የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ሰውዬው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ይባላል። ስሙን በገበያ የማያውቀው የለም፤ ሕይወቱን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኛንም ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የምላጩ ነገር ብቻ አይደለም። ይህ ሰው በንግድ ውድድር ከዓለም ባለጠጎች መካከል ከገባ በኋላም የንግድን ውድድር የክፋት ሁሉ ሥር ነው እያለ መጽሐፍ ከመጻፍ አላቋረጠም። ባንድ እጁ ኩባንያ ሲያቋቁም በሌላው እጁ ኩባንያዎች ሁሉ የሚጠፉበትን ቀን ይነድፍ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብለን ጠየቅን።

ጂሌት የተወለደው በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ፎን ዱ ላክ በምትባል ከተማ፣ በ1855 ዓ.ም. ጃንዋሪ 5 ቀን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) ኪንግ ማለት በእንግሊዝኛ ንጉሥ ማለት ቢሆንም፣ ስሙ የወጣለት ለዘውድ ታስቦ ሳይሆን ኪንግ በሚባል በአባቱ ወዳጅ ዳኛ ስም ነው። ካምፕ ደግሞ የእናቱ የቤተ ሰብ ስም ነው።

ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ቺካጎ ሄደ። አባቱ የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ሲሆን፣ ትርፍ ጊዜውን አንድ ነገር ሲፈታና ሲገጥም የሚያሳልፍ ሰው ነበር፤ ልጆቹም ይህንኑ ጠባይ ወረሱ። እናቱ ወይዘሮ ፋኒ ጂሌት ከአባትየው ይልቅ ስም ያተረፈች ናት። በ1887 ዓ.ም. የዋይት ሐውስ የምግብ አሠራር የሚል መጽሐፍ አሳትማ፣ መጽሐፉ በአሜሪካ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ከማድ ቤት አልጠፋም። ይህን የእናቱን ሙያ አንባቢ ልብ እንዲል እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናልና።

በ1871 ዓ.ም. ኦክቶበር ወር ላይ ቺካጎ ተቃጠለች። ያች በእንጨት የተሠራች ከተማ በነፋስ በሚነዳ እሳት ተያይዛ 300 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ 100 ሺህ ያህሉም መጠለያ አጡ። የጂሌት አባት ሱቅም ከነዕቃው ዐመድ ሆነ። ልጁ በዚያን ጊዜ 16 ዓመቱ ነበር። አባትየው ኑሮውን እንደ ገና ለመጀመር ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ፣ ወጣቱ ግን ትምህርቱን ትቶ በብረታ ብረት መደብር ተቀጠረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሻንጣውን አንጠልጥሎ በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የሰው ዕቃ የሚሸጥ ተዘዋዋሪ ሻጭ ሆነ።

በዚህ ሥራ 20 ዓመት ያህል ቈየ። ሽያጭ ያውቅበታል፤ አንደበቱ ጥሩ ነው፤ ቁመናውም ያማረ ነው። ነገር ግን ጭንቅላቱ በሚሸጠው ዕቃ ላይ ብቻ አያርፍም። እስከ 1890 ዓ.ም. ድረስ ለአራት ነገሮች የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር፤ ሆኖም ከእነዚህ ፈጠራዎች ያተረፈ ሰው ካለ ሌላ ሰው እንጂ እርሱ አይደለም። በዚያው ዓመት አትላንታ ጌይንስ የምትባል ወጣት አገባ፤ በሚከተለውም ዓመት አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

የሕይወቱን መንገድ የለወጠው ሰው የተገኘው በዚሁ ዓመት በ1891 ነው። ጂሌት በባልቲሞር ከተማ ባለ አንድ የጠርሙስ መክደኛ ኩባንያ ተቀጠረ። የኩባንያው ሊቅ ዊልያም ፔይንተር ይባላል። አንባቢያችን ለስላሳ መጠጥ ወይም ቢራ በከፈተ ቍጥር የዚህን ሰው ሥራ ይዟል፤ ቆርኪን የፈጠረው እርሱ ነውና። ከዚያ በፊት ጠርሙስ የሚከደነው በጎማና በሽቦ በተሠራ፣ ተመላልሶ በሚያገለግልና ቶሎ በሚበላሽ ክዳን ነበር። ፔይንተር በ1892 ዓ.ም. መብቱን ያስከበረው ክዳን ግን ጠርዙ እንደ ዘውድ ጥርስ ያለው፣ ውስጡ በስስ ቡሽ የተለበጠ፣ አንዴ ተከፍቶ የሚጣል ቆርቆሮ ነው። ጥርሶቹ በዚያን ጊዜ 24 ነበሩ፤ ዛሬ ብንቈጥራቸው 21 እናገኛለን። ተማሪ ወንድሞቻችን ይቍጠሩት፤ ገንዘብ አያስከፍልም።

ፔይንተርና ጂሌት ወዳጅ ሆኑ። ፔይንተር ለወዳጁ የሰጠው ምክር አጭር ነበር፤ ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅሞበት የሚጥለውን ነገር ፍጠር፣ ገዢው ተመልሶ ይመጣልሃልና የሚል ነበር። ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ለነበረው ሰው ባዕድ ነገር ነው። ቢላዋ፣ ምላጭ፣ ድስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ንብረት ነበርና። ጂሌት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የፊደል ገበታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተከተለ፣ በእያንዳንዱ ፊደል የሚጀምረውን ዕቃ ሁሉ እየጠራ የሚጣል ነገር ይፈልግ ጀመር። ለአራት ዓመት ያህል አንዳች አላገኘም።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ግን ከምላጩ በፊት መጽሐፉ ተወለደ። በ1894 ዓ.ም. ጂሌት የሰው ልጅ ጕዞ ወዴት እንደሆነ የሚያመለክት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የሚለው እንዲህ ነው። ድኽነት፣ ወንጀል፣ ጦርነት የሚመጡት ሰው ከሰው ጋር ለገንዘብ ስለሚፎካከር ነው፤ አንድን ዕቃ መቶ ፋብሪካ ለየብቻው ሲሠራው ዘጠና ዘጠኙ ድካሙን በከንቱ ይጨርሳል፤ ስለዚህ የአገሩ ሕዝብ ሁሉ ባለ አክሲዮን የሚሆንበት አንድ ትልቅ ኩባንያ ይቋቋምና ምግቡንም፣ ልብሱንም፣ ቤቱንም ያዘጋጅ። ከተማም ቢሆን መቶና ሺህ ማስፈለጉ ለምንድን ነው? አንድ ይበቃል። ይህችም ከተማ ሜትሮፖሊስ ትባላለች፤ በናያግራ ፏፏቴ አጠገብ ትሠራለች፤ የኤሌክትሪክ ኀይሏንም ከፏፏቴው ታገኛለች። በንድፉ ላይ ርዝመቷ 135 ማይል፣ ወርዷ 45 ማይል ሲሆን፣ የምትይዘው ሕዝብ 60 ሚሊዮን ነው። ይህ ማለት በዚያን ዘመን ከነበረው የአሜሪካ ሕዝብ አብዛኛው ማለት ነው። ሕዝቡ በክብ ቅርጽ በተሠሩ ታላላቅ ፎቆች ይኖራል፤ የውሃው ቧንቧ፣ የቈሻሻው መውረጃና መጓጓዣው ሁሉ ከመሬት በታች ይሆናል።

በእነዚህ ፎቆች ውስጥ ላለው ቤተ ሰብ የብቻው ማድ ቤት አልተሠራለትም። ሁሉም በጋራ አዳራሽ ይመገባል። የእናትየውን ሙያ ልብ በሉ ያልነው ለዚህ ነው፤ እናት የአገሩን ሴቶች ሁሉ ወጥ አሠራር ስታስተምር፣ ልጅ በየቤቱ ምድጃ የሌለበትን አገር ነደፈ። በቤተ ሰቡ ማዕድ ላይ ስለዚህ ነገር ምን ክርክር እንደ ተካሄደ ብናውቅ በወደድን ነበር።

ይህን መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ ደራሲው ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት የሚሠራውን ነገር በፍጹም አይገምትም።

በ1895 ዓ.ም. በጋ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በብሩክላይን ከተማ፣ የ40 ዓመቱ ሻጭ ጧት ተነሥቶ ሊላጭ ሲል ምላጩ ደንዝዞ አገኘው። በዚያን ጊዜ የጢም ምላጭ ማለት ከእጀታው ጋር የሚታጠፍ ረጅምና ወፍራም ስለት ነው። ይህ ምላጭ በየጧቱ በጠፍር ላይ ይፋተጋል፤ ጠፍሩ አልበቃ ሲለው ደግሞ ወደ ሞራጅ ተወስዶ በድንጋይ ይሳላል። እጅ ያልለመደው ሰው ጕሮሮውን ከሚያስፈራው ከዚህ ስለት ጋር ሲታገል ፊቱን ይቈራርጣል፤ ስለዚህም አቅም ያለው ወደ ጠጕር አስተካካይ ይሄዳል፤ አቅም የሌለው ጢሙን ያሳድጋል። እርግጥ ቈዳን ከመቈረጥ የሚጠብቅ መከላከያ ያለው መላጫ ከዚያ በፊትም ነበር፤ ካምፍ የሚባሉ ወንድማማቾች በ1880 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሠርተውት ይሸጥ ነበር። ነገር ግን የእርሱም ስለት ወፍራም ስለሆነ በየጊዜው መሳል ነበረበት። መከላከያው ተገኝቶ ነበር፤ ድካሙ ግን አልቀረም።

ጂሌት የደነዘዘውን ምላጭ ይዞ እንደ ቆመ አሳቡ በአንድ ጊዜ መጣለት። የሚሠራው ጠርዙ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ብረት ለምን ያስፈልጋል? ጠርዙን በስስ የብረት ቅጠል ላይ ብናወጣው፣ ቅጠሉን የሚይዝ እጀታ ብንሠራለት፣ ሲደነዝዝ ቅጠሉን ጥለን ሌላ ብናስገባበትስ? ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ ወዲያው ወደ ብረታ ብረት ሱቅ ሄዶ ነሐስ፣ ለሰዓት ሞላ የሚሆን ስስ ብረት፣ ትንሽ ሞርሳና ሞረድ ገዝቶ የመጀመሪያውን ናሙና አበጀ። በዚያን ጊዜ ዘመድ ልትጠይቅ ኦሃዮ ለነበረችው ሚስቱም እንግዲህ ሀብታችን ተገኘ ብሎ ጻፈላት።

ሀብቱ የተገኘው ግን ወዲያው ሳይሆን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ምክንያቱም ይህ ነው። ስለት እንዲይዝ ብረት በእሳት ግሎ በድንገት መቀዝቀዝ አለበት፤ ወፍራም ብረት ይህን ይችላል፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ብረት ግን ሲግልና ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጣመማል። ሳይግል ቢቀር ደግሞ ስለቱ በመጀመሪያው ቀን ይታጠፋል። ጂሌት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንትን፣ ቢላዋ ሠሪዎችንና አንጥረኞችን እየዞረ ጠየቀ፤ ሁሉም አይሆንም አሉት። እርሱ ደግሞ ስለ ብረት ምንም ትምህርት አልነበረውም። ተምሮ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ እተወው ነበር ብሎ በስተኋላ መናገሩ ይታወቃል። እኛ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣን ሰዎች ይህን ቃሉን ደስ ብሎን አልተቀበልነውም። የማይሆነውን አይሆንም ብሎ መናገርም የትምህርት ፍሬ ነውና። ደግሞስ ነገሩን በመጨረሻ የፈታው የተማረ ሰው አይደለምን?

የተማረው ሰው ዊልያም ኤመሪ ኒከርሰን ይባላል። በዚያው በማሳቹሴትስ ተቋም ያጠና የኬሚስትሪና የመኪና ዐዋቂ ነው። በ1901 ዓ.ም. ወዳጆች አገናኟቸው፤ ኒከርሰን ጥቂት ሳምንት አስቦ ይሆናል አለ። ስስ ብረቱ ሳይጣመም የሚጠነክርበትን ዘዴና ሁለቱንም ጠርዝ የሚስሉትን መኪናዎች አንድ በአንድ ፈጠረ። የመላጫውም አሠራር ብልሃት ያለበት ነው፤ ምላጩ ብቻውን ሲያዝ ይለመጣል፤ በእጀታው ራስና በመከላከያው መካከል ገብቶ ሲጠበቅ ግን ወደ ታች ይጐብጥና ድርቅ ይላል። ስስነቱ እንደ ጕድለት የሚቈጠረውን ብረት በማጕበጥ ጠንካራ አደረጉት። እስከ ዛሬም ሁለት አፍ ያለው ምላጭ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ኩባንያው በ1901 ዓ.ም. ሴፕቴምበር ወር በቦስተን ተቋቋመ። የኒከርሰን ስም የኩባንያው መጠሪያ እንዳይሆን ያደረገው አንድ የሚያስቅ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል፤ የስሙ መነሻ በእንግሊዝኛ ትንሽ ቍስል ወይም ጭረት ማለት ነው፤ ለጢም መላጫ የሚስማማ ስም አይደለም። ስለዚህ በሚከተለው ዓመት ኩባንያው በጂሌት ስም ተጠራ፤ ሥራውን የፈጸመው ሰው ስምም ተረሳ። ይህ ዓይነቱ ነገር በታሪክ ብዙ ጊዜ የደረሰ ነው።

ገንዘቡ ግን ከሸቀጡ በፊት አለቀ። ጆን ጆይስ የሚባል የቦስተን ባለጠጋ በ60 ሺህ ዶላር ባያድናቸው ኖሮ ምላጩ ከነአሳቡ ተቀብሮ በቀረ ነበር። በ1903 ዓ.ም. ሽያጭ ተጀመረ። ዓመቱን ሙሉ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው። ጂሌት የኩባንያው መሥራች ሳለ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድረው አሁንም ቆርኪ በመሸጥ ነበር፤ አሠሪዎቹም ለዚሁ ሥራ ወደ ሎንዶን ላኩት። በ1904 ዓ.ም. ግን ነገሩ ባንድ ጊዜ ተለወጠ፤ የተሸጠው መላጫ 90,884 ደረሰ። ኖቬምበር 15 ቀን የፈጠራው መብት ተሰጠው። ጂሌትም ባልደረቦቹ የውጭ አገሩን መብት ለሌላ ሊሸጡ መሆኑን ሰምቶ ከሎንዶን ተመልሶ ተቃወመ፤ አሸነፈም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ተረት እናርም። በየንግድ ትምህርት ቤቱ ጂሌት መላጫውን በነጻ እያደለ ትርፉን ከምላጩ ያገኝ ነበር እየተባለ ይነገራል። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። መላጫው ከ20 ምላጭ ጋር 5 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ይህም ላንድ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዙን እኩሌታ ያህል ነው። መብቱ በሕግ ተጠብቆ በቈየባቸው 17 ዓመታት ኩባንያው ዋጋውን አላወረደም። ርካሹ ነገር የመጣው መብቱ በ1921 ዓ.ም. ካለቀ በኋላ፣ ሌሎችም መሥራት ሲችሉ ነው፤ ያን ጊዜ የቀድሞውን ዓይነት መላጫ በ1 ዶላር ሸጡት፤ በማስታወቂያም መልክ ከሌላ ሸቀጥ ጋር ይታደል ጀመር። ስለዚህ ዋጋውን ያወረደው ጂሌት የክፋት ሥር ነው እያለ የሚጽፍበት ያ ውድድር ነው። እርሱ ይህን አይቶ ምን እንዳለ በመጽሐፎቹ ውስጥ አላገኘንም።

ከአስመሳዮች ለመጠበቅ በእያንዳንዱ የምላጭ መጠቅለያ ላይ የጂሌት ፊትና ፊርማ ታተመ። ጠጕሩ በደንብ የተበጠረ፣ ኰሌታው ቀጥ ያለ፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው። ይህ ምስል በብዙ አገሮች ስለ ተሠራጨ በዚያን ዘመን ከነገሥታትና ከፕሬዚዳንቶች ይልቅ ፊቱ የታወቀው የምላጭ ሻጩ ነበር ይባላል። የሚያስቀው ነገር፣ ለዓለም ወንዶች ሁሉ ተላጩ የሚለው ይህ ፊት ሙሉ ሪዝ አለው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ወደ ውጊያው ስትገባ፣ ወታደር ሁሉ የራሱ መላጫ እንዲኖረው መንግሥት 3 ሚሊዮን ተኩል መላጫና 32 ሚሊዮን ምላጭ አዘዘ። በዚያ ጦርነት የመርዝ ጋዝ ስለነበረ፣ ጢም ያለው ሰው ጭምብሉ ከፊቱ ጋር በደንብ አይገጥምለትም፤ ስለዚህ መላጨት የጌጥ ነገር መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ነገር ሆነ። ወጣቶቹ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ መላጫቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። በየቀኑ በራስ እጅ ጢምን መላጨት የተለመደው ከዚህ ወዲህ ነው ብንል አንሳሳትም።

ጂሌት ግን በዚህ ጊዜ በኩባንያው ላይ ሥልጣኑ አልቆ ነበር። ከጆይስ ጋር ሲጋጭ ከቈየ በኋላ በ1910 ዓ.ም. ከአክሲዮኑ አብዛኛውን በ900 ሺህ ዶላር ሸጠለት። ፕሬዚዳንት የሚለው ማዕርግ አልተወሰደበትም፤ ፊቱም ከመጠቅለያው አልተነሣም፤ ውሳኔው ግን የሌሎች ሆነ። ገንዘቡን ይዞ ምን አደረገ? ሌላ ባለጠጋ ቢሆን ያርፍ ነበር። እርሱ በዚያው በ1910 ዓ.ም. ስለ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ሁለተኛውን መጽሐፉን አወጣ፤ ኩባንያውንም በአሪዞና በሕግ አስመዘገበ፤ ለፕሬዚዳንትነትም ከአንድ ዓመት በፊት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የወረደውን ቴዎዶር ሩዝቬልትን ጠየቀ። ደመወዙ ለአራት ዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሩዝቬልት አልቀበልም አለ።

በ1924 ዓ.ም. ሦስተኛውን መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ጽሑፉን ያረመለት ታዋቂው ደራሲ አፕተን ሲንክሌር ነው። ሲንክሌር አሳቡን ከሄንሪ ፎርድ ጋር እንዲወያይበት ሁለቱን ባለጠጎች አገናኛቸው። መኪናን ለተራ ሰው ያደረሰው ፎርድና ምላጭን ለተራ ሰው ያደረሰው ጂሌት ተቀምጠው ተከራከሩ፤ ፎርድ ውድድር ሰውን ያሠለጥናል፣ ጂሌት ውድድር ሰውን ያበላሻል በማለት ሳይስማሙ ተለያዩ። ስለዚህ ነገር እኛ ወገን ለይተን መፍረድ አንፈልግም። ነገር ግን ጂሌትን ግብዝ የሚሉት ሰዎች እንደሚሳሳቱ ይሰማናል። ግብዝ ሰው ስሙ ከወጣ፣ ገንዘቡ ከበዛ በኋላ በማንም የማይፈለግ፣ መሳቂያ የሚያደርግ አሳብ ይዞ 30 ዓመት አይደክምም፤ የመጀመሪያውንም መጽሐፍ የጻፈው ምላጩን ሳያስብ፣ ገና ደመወዝተኛ ሳለ መሆኑ መረሳት የለበትም።

መጨረሻው የከፋው በዚያው በሚጠላው ነገር ነው። ሄንሪ ጌይስማን የሚባል ተወዳዳሪ ሌላ ዓይነት ምላጭ ፈጥሮ መብቱን አስከብሮ ነበር። የጂሌት ኩባንያ ሦስት ክብ ቀዳዳ ያለውን የጥንቱን ምላጭ በ1930 ዓ.ም. ሲያሻሽል ጌይስማን መብቴ ተደፈረ ብሎ ተነሣ፤ ክርክሩም ሁለቱ ኩባንያዎች በመቀላቀል አለቀ። ዛሬ ምላጭ አንሥተን ብናይ በመካከሉ ያለው ረጅም ስንጥቅ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ኩባንያዎቹ ሲቀላቀሉ መዝገብ ተመረመረ፤ የጂሌት ኩባንያ በአምስት ዓመት ውስጥ ትርፉን በ12 ሚሊዮን ዶላር ያህል አብዝቶ ሲያስታውቅ መቈየቱ ተገለጠ። አስቀድሞ በ1929 ዓ.ም. የአክሲዮን ገበያው ወድቆ ስለነበር የኩባንያው አክሲዮን ዋጋ ይበልጡን አሽቈለቈለ። ኪንግ ጂሌት በካሊፎርኒያ መሬትና ቤት ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ነበር፤ በእጁ የቀረውም አክሲዮን ዋጋ አጣ። በ1931 ዓ.ም. ስም ብቻ የነበረውን የፕሬዚዳንትነት ማዕርጉን ለቀቀ። በሚከተለው ዓመት ጁላይ 9 ቀን፣ በ77 ዓመቱ፣ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ካላባሳስ በሚባል ስፍራ በእርሻ ቤቱ ሞተ። ሲሞት ሀብቱ ሁሉ ከእጁ ወጥቶ ነበር ለማለት ይቻላል።

ምላጩ ግን ቀጠለ። የሚጣል ነገር ሲበዛ የሚጣልበት ቦታ ያሳስባልና፣ በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ዓመት በተሠሩ ብዙ ቤቶች የመታጠቢያ ቤት የመድኀኒት ሣጥን ጀርባ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ይበጅ ነበር፤ አሮጌው ምላጭ በዚያ ገብቶ በግድግዳው ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስበውም። ዛሬ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከግድግዳው ውስጥ የዛገ ምላጭ ክምር ይገኛል። በእኛም አገር የኤድስ በሽታ ከታወቀ ወዲህ ጠጕሩን ሊላጭ የሚሄድ ሰው አዲስ ምላጭ በራሱ ኪስ ይዞ መሄድን ተምሮአል፤ ይህም ፔይንተርና ጂሌት ያላሰቡት የሚጣል ዕቃ ጥቅም ነው። ኩባንያው ራሱ በ2005 ዓ.ም. ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በሚባለው ትልቅ ድርጅት በ57 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተገዛ።

ሜትሮፖሊስ አልተሠራችም። በናያግራም አጠገብ 60 ሚሊዮን ሰው አልሰፈረም። ነገር ግን አንድ ነገር ጂሌት እንደ ተመኘው ሆኖአል፤ የትኛውም አገር፣ የትኛውም ፋብሪካ የሠራው ሁለት አፍ ያለው ምላጭ የትኛውም አገር በተሠራ እጀታ ውስጥ ይገባል። ልኩ በዓለም ሁሉ አንድ ነው።

የካላባሳሱ ርስት ከእርሱ በኋላ በመጀመሪያ የፊልም አዘጋጅ በነበረው በክላረንስ ብራውን፣ ቀጥሎም በሃይማኖት ማኅበራትና በአንድ ዩኒቨርሲቲ እጅ ቈየ። በ2005 ዓ.ም. ከሕዝብ በተገኘ ገንዘብ ተገዝቶ የግል ንብረትነቱ ቀረ፤ ዛሬ ስሙ የኪንግ ጂሌት ርስት ተብሎ የሚጠራ የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ፣ በቅዳሜና በእሑድ ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በዛፎቹ ሥር ይቀመጡበታል።